የሰኞ መልስ

መምህር ግዛቸው አሰላ የመጡት በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ከመንዝ፣ አንድ ሻንጣና አንድ ጋቢ ይዘው ነው። "ሁለት ዓመት አስተምሬ ዝውውር እጠይቃለሁ" ብለው የገቡባት ከተማ ሠላሳ ሰባት ዓመት ይዛ አስቀረቻቸው። ብርዱ ከአገራቸው ብርድ አይተናነስም፤ እንደሳቸው በምደባ የመጣችውን ነርስ፣ የውብዳርንም፣ እዚሁ አገኟት። አገቡ፣ ወለዱ፣ ጡረታ ወጡ። የውብዳርንም እዚሁ ቀበሯት።

ያስተምሩ የነበረው አማርኛ ነው። ልጆቹ ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ውጪ ሁለቱንም እያፈራረቁ የሚናገሩ ስለነበሩ በአነጋገራቸው አይፈርዱባቸውም። ፊደል ላይ ግን ምሕረት አልነበራቸውም። "ሐኪም" በሐመሩ ሐ ነው፤ በሃሌታው ሀ የጻፈ ቀይ ይሰመርበታል። "ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ለውጥ አለው መምህር?" ብሎ የጠየቀ ተማሪ ደግሞ ደወል እስኪደወል ድረስ የሦስቱን ሀዎች ታሪክ ቆሞ ይሰማል። ከኋላቸው "ሐመሩ" ይሏቸው ነበር። ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ፤ ደስም ሳይላቸው አይቀርም።

ጡረታ ሲወጡ ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት የቆርቆሮ ክፍሎች አንዷን ተከራይተው ማመልከቻ መጻፍ ጀመሩ። አዲስ አበባ የምትሠራው ልጃቸው አይናለም ያገለገለች ላፕቶፕ አመጣችላቸው። በላይዋም አንድ ነገር ጫነችባት።

"አባ፣ ይሄ ረዳት ነው" አለቻቸው። "የፈለግከውን በአማርኛ ትጽፍለታለህ። እሱ ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾች ላይ የወጣውን ጽሑፍ የሚፈልግለት መሣሪያ አለው። መመሪያ በለው፣ ማስታወቂያ በለው፣ የስም ዝርዝር በለው፣ ያገኘውን ያመጣልሃል። ዓይንህ ሲደክምም በድምፅ ያነብልሃል።"

መጀመሪያ ላይ ተጠራጠሩት። ከዚያ አንድ የዲክሲስ ገበሬ ስለ መሬት ካሳ የወጣ መመሪያ ፈልጎ ሲመጣ፣ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬደውን ጉዳይ በአንድ ረፋድ ጨረሱለት። ወሬው ዞረ። ሰውም "የመምህሩ ማሽን" እያለ ይመጣ ጀመር።

ሰኪና የመጣችው ያኔ ነው።

ሰኪና ከክፍሎቹ ጀርባ ባለው ገበያ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች። ባሏ ቃሶ ሁለት ልጆች ትቶባት ነው የሞተው። ትልቋ ፈይሩዛ ተምራ ዴራ ጤና ጣቢያ ተቀጥራለች። ታናሹ ሁሴኖ የመምህሩ ተማሪ ነበር። ቀልደኛ፣ ኳስ የሚወድ፣ የቤት ሥራ የማይሠራ፣ ሆኖም ሊቆጡት ሲሉ የሚያስቅ ልጅ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣለትም። ሁለት ዓመት የሰው ባጃጅ ነዳ። አንድ ቀን "አዳማ ደርሼ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ፤ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ከጅቡቲ ደወለ። "እማ፣ ባሕሩ ጋ ደርሰናል። ሳዑዲ ስገባ እደውልልሻለሁ፤ አታልቅሺ" አላት። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝግ ነው።

"መምህር፣ ይሄ ማሽን የመንግሥትን ወረቀት ሁሉ ያነባል አሉኝ" አለች፣ በሩ ላይ እንደቆመች። "የታሰሩትንም፣ የሰጠሙትንም ስም መንግሥት ይጽፋል አሉ። ማሎ፣ እባክዎ ልጄን ይጠይቁልኝ።"

መምህሩ እናቱም ሰፈሩም እንደሚጠራው አድርገው "ሁሴኖ ቃሶ" ብለው ጻፉ። ማሽኑ ጥቂት አሰበና በዚያች በረጋች የሴት ድምፁ መለሰ። "በዚህ ስም በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የወጣ ጽሑፍ አልተገኘም።"

"ምን ማለቷ ነው?"

"ስሙ የለም ማለቷ ነው።"

"ከሞቱት ውስጥ የለም?"

ማሽኑ ያለው እሱን አይደለም። ግን ፊቷን አዩትና "የለም" አሉ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች ሰኪና። ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አሳለፈች። "ኢልመ ኮ፣ ልጄ አለ!"

ከዚያ በኋላ ሰኞ በመጣ ቁጥር መጣች። ሰኞ ገበያው ቀዝቀዝ ስለሚል ሚዛኗን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ ጭቃውን ከቦቲ ጫማዋ ላይ ደጃፉ ጋ አራግፋ ትገባለች። መምህሩ ስሙን ይጽፋሉ፣ ድምፁ ያንኑ ይላል፣ እሷም ታመሰግናለች። አንዳንዴ ደግማ ለመስማት "አንዴ ያስብሏት" ትላለች። ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር በቃሏ ይዛት ነበር። "አልተገኘም" የምትለዋን ቃል ከድምፁ ጋር አብራ በከንፈሯ ትላታለች። ከዚያ በእግሯ ቆማ ሳምንቱን ትዘልቃለች። ክረምቱ አልፎ በጋ ሆነ፣ እንደገና ክረምት ገባ፤ ሰኪና አልቀረችም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህሩ የአንድ ባለጉዳይ ስም ፈልገው አጡ። ሰውዬው "ስሜ ወጥቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ ሙጭጭ አለ። መምህሩ አይናለም ጋ ደወሉ።

"በየትኛው ፊደል ነው የጻፍከው አባ?" አለቻቸው።

"በትክክለኛው ነዋ!"

ሳቀች። "እሱ ትክክለኛ የሚባል አያውቅም። መፈለጊያው ፊደል ከፊደል ነው የሚያስተያየው። የጻፈው ሰው በሃሌታው ጽፎት አንተ በሐመሩ ከጠየቅኸው አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም። አላገኘሁም ይልሃል።"

"ሁለቱ ሀዎች አይተዋወቁም?"

"አይተዋወቁም አባ።"

የሰውዬውን ስም ፊደሉን ለውጠው ጻፉት፤ ወዲያው መጣ። ሰውዬው መርቋቸው ወጣ። መምህሩ ግን መነጽራቸውን እንዳወለቁ ቀሩ።

ሁሴኖ እኮ የቤት ስም ነው። ለማያውቀው ሰው፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚጽፍ ጸሐፊ፣ ሁሴኖ ሁሴን ነው። ቃሶም ቃሲም ነው። ስሙ ደግሞ ከዐረብ የመጣ ስለሆነ ፊደል የሚያውቅ ሰው በምን ይጽፈዋል? በሐመሩ ሐ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

በሩን ገርበብ አደረጉት። ሁሴን ቃሲም ብለው ጻፉ፤ የለም። ሁሴን ቃሶ፤ የለም። ሑሴን ቃሶ፤ የለም። ድምፁን አጠፉት። ከዚያ "ሑሴን ቃሲም" ብለው ጻፉ።

ስክሪኑ ላይ "አንድ ጽሑፍ ተገኝቷል" የሚል ወጣ።

ከአንዲት ከሰጠመች ጀልባ በሕይወት የተረፉት ልጆች ቃላቸውን ሰጥተው የሟች ጓደኞቻቸውን ስም አስመዝግበዋል። ዝርዝሩ ረጅም ነው። ማሽኑ ከመካከሉ አንዷን መስመር ለይቶ አምጥቶላቸዋል። ሑሴን ቃሲም ቱኬ፣ ዕድሜ ሃያ ሁለት፣ አርሲ አሰላ፣ የእናት ስም ሰኪና፣ ልዩ ምልክት በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ፣ በባሕሩ ዳርቻ ከሌሎች ጋር ተቀብሯል።

ጠባሳውን ያውቁታል። ስድስተኛ ክፍል እያለ ከጎል ብረት ጋር ተጋጭቶ ደሙ ሲፈስ፣ የውብዳር ትሠራበት ወደነበረው የሕክምና ክፍል በጋሪ የወሰዱት እሳቸው ናቸው። የሰፋችለትም የውብዳር ናት። አራት ስፌት። አላለቀሰም፤ "መምህር፣ ጎል ሆኗል ወይ?" ነበር ያላቸው።

ዝርዝሩ የወጣበትን ቀን አዩ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። ሰኪና ለመጀመሪያ ጊዜ በሩ ላይ ስትቆም ወጥቶ ነበር። ስልሳ ሰኞ ያህል እዚያው ተቀምጦ ነበር። ስልሳ ጊዜ ጠይቀው ስልሳ ጊዜ የለም ብለዋታል። ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብለው አለቀሱ፤ የውብዳር ከሞተች ወዲህ እንዲያ አላለቀሱም ነበር።

እሑድ ጠዋት ሐጂ ገመዳ ቤት ሄዱ። ሐጂ የሰኪና ሰፈር ሽማግሌ ናቸው፤ እርቁም ሐዘኑም በሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

"መርዶ በማለዳ፣ ወገን በተሰበሰበበት ነው የሚነገር" አሉ። "አጎቶቹ ከዲክሲስ ይምጡ። ፈይሩዛንም ከዴራ እናስመጣት። ረቡዕ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንገባለን። እስከዚያ አፍህን ያዝ።"

"ሐጂ፣ ነገ ሰኞ ነው። ትመጣለች እኮ።"

"ሰበብ አታጣም። የተማርክ ሰው ነህ።"

ሰኞ ክፍላቸውን ዘግተው ሊቀሩ ነበር። ግን ከቀሩ እቤታቸው ድረስ መጥታ "ምን ሆነዋል?" እንደምትል ያውቃሉ። ከፈቱ። አንድ ባለጉዳይ ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ እሷ ገባች።

"አሰላሙ አለይኩም መምህር። እንዴት አደሩ? ምነው ፊትዎ?"

"ብርድ ነው፣ ሰኪና። ዛሬ እንኳ ኔትወርኩ አስቸግሯል፤ ሌላ ቀን ብትመጪ..."

"አሁን ሰውዬው ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ አየሁት እኮ።" ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "ትናንት በሕልሜ አይቼዋለሁ። ነጭ ልብስ ለብሶ እየሳቀ ነው። ጥሩ ነው አይደል? በሉ ይጠይቁልኝ።"

መምህሩ ላፕቶፗን ወደ ራሳቸው አዞሩና ድምፁን መልሰው ከፈቱት፤ ሳትሰማው አትሄድም። ሁለቱንም አጻጻፍ ያውቃሉ። በሐመሩ ከጻፉት ያ የረጋ ድምፅ የልጇን ሞት ድንች በምትሸጥበት ልብሷ፣ ብቻዋን፣ አንድ ወገን አጠገቧ ሳይኖር ይነግራታል። ጣታቸው ፊደሎቹ ላይ ቆመ። ከዚያ በሕይወታቸው ሙሉ ለማንም ተማሪ ያላደረጉትን አደረጉ፤ ስሕተት መሆኑን እያወቁ ጻፉ። ሁሴኖ ቃሶ።

"በዚህ ስም በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የወጣ ጽሑፍ አልተገኘም።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች ሰኪና። ስትወጣ ዞር ብላ "ዝንጅብል አመጣልዎታለሁ፤ ለብርዱ ደግ ነው" አለቻቸው። አመጣችም። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣላቸው ሄደች።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ጭላሎ ገና ጉም ውስጥ ነበር። አሥራ አንድ ሰው ሆነው በሯ ላይ ደረሱ። ሐጂ ገመዳ ፊት፣ አጎቶቹ ከኋላቸው፣ ፈይሩዛ በሁለት ሴቶች መካከል ተደግፋ፣ መምህሩ መጨረሻ። ሰኪና ድንቿን የሚያደርስላት ጋሪ እየጠበቀች ስለነበር በሩ ገና ሳይንኳኳ ከፈተችው።

ሐጂውን አየች። አጎቶቹን አየች። ፈይሩዛን አየች። ዓይኗ በሁሉም ላይ አልፎ መምህሩ ላይ ቆመ።

"መምህር" አለች ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው። "ሰኞ የለም ብላን ነበር እኮ።"

ሐጂ ገመዳ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን መምህሩ በደንብ አያስታውሱትም። የሚያስታውሱት ሴቶቹ እንደያዟት፣ ፈይሩዛም "እማ! እማ!" እያለች ከእናቷ ጋር እንደወደቀች ነው። መንደሩ በሙሉ ወጣ። የሚቀበር አስከሬን ስላልነበር መስጊድ የሩቅ ሟች ሶላት ተሰገደለት።

መምህሩ ሦስቱንም ቀን ለቅሶው ላይ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ሰው ጋብ ሲል ሰኪና ወደተቀመጡበት መጣች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

"ሰኞ ዕለት ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"አልሐምዱሊላህ ስል ሰሙኝ?"

"ሰማሁሽ።"

"ዝንጅብሉንም ተቀበሉኝ።"

ስለ ወግ፣ ስለ ሐጂው ትእዛዝ፣ ስለ ፈይሩዛ መንገድ ሊነግሯት ይችሉ ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ግን አንዱንም አልነገሯትም። ሰኪና ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ከዚያ ቀን በኋላ ገበያ ውስጥ ሲገናኙ ራሷን ዘንበል አድርጋ ታልፋለች። ሰላምታ የለም፣ ስድብም የለም።

መምህር ግዛቸው ለሌላ ሰው ሲጽፉ የኖሩትን ማመልከቻ ለራሳቸው ጻፉ። መፈለጊያውን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ ሁለት ገጽ። ሦስቱን ሀዎች፣ ሁለቱን ሠዎች፣ ሁለቱን ጸዎች ዘረዘሩ። የቤት ስምና የመዝገብ ስም በአርሲ እንዴት እንደሚለያይ አስረዱ። "በዚህ ምክንያት አንዲት እናት ልጇ ከሞተ በኋላ ከዓመት በላይ ስታመሰግን ኖራለች" ብለው ጨረሱ። ከሃያ ቀን በኋላ መልስ መጣ። "አስተያየትዎን ተቀብለናል። እናመሰግናለን።" ሰው ይጻፈው፣ ማሽን ይጻፈው አላወቁም። መፈለጊያው ዛሬም እንደዚያው ነው።

ከዚያ ወዲያ ስም ይዞ ለመጣ ሁሉ፣ ስሙ ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ በሙሉ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይደረድራሉ። አንዱን ስም በዘጠኝ፣ በአሥር ዓይነት ይጠይቃሉ። ድምፁን አጥፍተውታል። እንዲህ እያደረጉ የሁለት ሟቾች ስም አገኙ፤ ሁለቱንም ለሽማግሌዎች ነገሩ። ሰውም ይህን ሲሰማ አንዳንዱ በክፍላቸው ደጃፍ ማለፍ ፈራ። ልጁ የጠፋበት ሁሉ ማወቅ የሚፈልግ አይደለም።

አምስት ወር እንዳለፈ ዘይቱና የምትባል ወጣት ሴት ከጢቾ መጣች። ባሏ አህመዶ በዚያው መንገድ ሄዷል። አማርኛ አትሰማም፤ የመምህሩ ኦሮምኛ ደግሞ ከሠላሳ ሰባት ዓመት በኋላም ከገበያ ቋንቋ አላለፈም። "ስሙ ሌላ ስም አለው ወይ?" ብለው ሊጠይቋት ሞክረው አቃታቸው። እሷ ታለቅሳለች፣ እሳቸው ያልባቸዋል። ደጃፉ ላይ የነበረ ሰው ወጥቶ አስተርጓሚ ፍለጋ ወደ ገበያው ሄደ።

ይዟት የመጣው ሰኪናን ነው።

መምህሩን ሳታይ ገባች። ዘይቱና አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። በኦሮምኛ ብዙ አወሩ። ከዚያ ሰኪና ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ መናገር ጀመረች።

"አባቱ ቤት አህመዶ ይሉታል። ትምህርት ቤት አህመድ። አያቱ ሐጂ ስለሆኑ አንዳንዱ በሳቸው ስም ነው የሚጠራው። ጓደኞቹ ደግሞ ቦሩ ይሉታል።"

መምህሩ ሁሉንም ጻፉ። በሃሌታው፣ በሐመሩ፣ በብዙኃኑ ኀ። ከአባቱ ስም ጋር፣ ከአያቱ ስም ጋር። ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሁለቱ ሴቶች የጣታቸውን ድምፅ እየሰሙ ጠበቁ። በመጨረሻ እጃቸውን ከፊደሉ ላይ አነሱ።

"አልተገኘም" አሉ።

ዘይቱና ቃሉን ባታውቀውም ከፊታቸው አነበበችው። ፊቷ በራ። ሰኪና ግን ገና አልተረጎመችላትም። ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አየቻቸው።

"እውነት ነው?" አለች በአማርኛ። "ወይስ እንደኔ ነው?"

"እውነት ነው ሰኪና። በሁሉም ጠይቄዋለሁ።"

"በሁሉም?"

"በሁሉም። በእግዚአብሔር ስም እምልልሻለሁ።"

ማንበብ አትችልም። ስክሪኑን ቢያዞሩላትም ምንም አይጠቅማትም። ፊታቸውን ብቻ ነው ልታነብ የምትችለው፤ እሱንም አንድ ጊዜ አንብባ ተሳስታለች። ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻቸው። አመነቻቸው ወይ አላመነቻቸውም፣ ከገጽታዋ ማወቅ አልቻሉም።

ወደ ዘይቱና ዞረች። የተናገረችውን መምህሩ ግማሹን ሰሙት። "ፈልገን አላገኘንም" አለቻት። "አላገኘንም ማለት ግን አለ ማለት አይደለም፣ ልጄ። አላገኘንም ብቻ ነው። አልሐምዱሊላህ አትበይ። ዱዓ አድርጊ፤ ጠብቂ።"

ዘይቱና ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ሰኪና ጀርባዋን እያሻሸች እስክትረጋ ጠበቀቻት። ከዚያ ወደ ጢቾ የሚሄደው መኪና እንዳያመልጣት አስነሳቻት። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆመች።

"መምህር።"

ቀና አሉ። በዚያ ስም ከጠራቻቸው አምስት ወር አልፎ ነበር።

"ሌላ ሰው ሲመጣ ይጥሩኝ። ብቻዎን አይንገሩ።"

እስከ ዛሬ ሦስት ጊዜ ጠርተዋታል። በጠሯት ቁጥር ሚዛኗን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ትመጣለች፤ ከመጣው ሰው ጎን ትቀመጣለች፤ ስሞቹን ሁሉ ታስቆጥራለች። ስታበቃ ሰውዬውን ይዛ ትወጣለች። ስለ ሁሴኖ ሁለቱም አንስተው አያውቁም። ሰኞ ሲሆን መምህሩ ረፋዱን ሌላ ባለጉዳይ አይቀበሉም፤ ክፍሏን ክፍት አድርገው ይቀመጣሉ። ሰኪና ግን ከመርዶው ወዲህ በሰኞ መጥታ አታውቅም።